መስመር የለም፤ አንተ ግን ጫንልን

«ኮምፒውተሮቹ መጥተዋል፤ ሊኑክስም አለባቸው። የቀረው ትንሽ ሶፍትዌር ነው። አንድ ከሰዓት ብቅ ብለህ ብትጨርስልን?»

ከመገናኛ እስከ ጎሮ፣ ከገርጂ እስከ አያት ባለው የከተማው ክፍል «አይቲ» የሚል ቅጽል የተለጠፈበት ሰው ሁሉ ይህን ስልክ ያውቀዋል። ደዋዩ አንዴ የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፣ አንዴ የማሠልጠኛ ኮሌጅ ሬጅስትራር፣ አንዴ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ቢሮ የተከራየ በጎ አድራጎት ድርጅት። ኢንተርኔት አላችሁ ወይ ሲባሉ መልሳቸው ከሦስት አይወጣም። አመልክተናል፣ በቅርቡ ይገባል። ወይም ገብቶ ነበር፣ መንገዱ ሲቆፈር ተቆረጠ። ወይም አለ፣ ግን ለፋይናንስ ክፍል ብቻ ነው። ላብ በሚሉት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ግን የለም። ሃያ ምናምን ኮምፒውተር ተደርድሮ፣ ገመዱ ሁሉ ወደ አንድ ስዊች ተሰብስቦ፣ ከስዊቹ ወደ ውጭ የሚሄድ ገመድ አይታይም።

እኛም እንሄዳለን። ይሉኝታ አለ፤ እንጀራም ነው።

በዚህ ሥራ ያልተቃጠለ ሰው ነገሩን በዊንዶውስ ዓይን ስለሚያየው ምሬታችን አይገባውም። መገናኛ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ወደ አንዱ ላፕቶፕ ይዞ የገባ ሰው የሚያየውን አስቡት። ልጁ አንድ ሃርድ ዲስክ ይሰካል፤ ሻይ እየጠጣ፣ ከጓደኛው ጋር ስለ አርሰናል እየተከራከረ፣ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፊልም ማጫወቻውን፣ የአማርኛ መጻፊያውን አንድ በአንድ ደብል ክሊክ እያደረገ ይጭናል። «አክቲቬት አድርጌልሃለሁ» ይልና ሒሳቡን ይቀበላል። አንድም ቀን መስመር አለ የለም ብሎ አይጨነቅም። አብዛኛው የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ስለሚመጣ፣ አንዴ ከሃርድ ዲስኩ ከገባ ለዘላለም ይኖራል። ሕጋዊ ያልሆነው ነገር በሰላሳ ደቂቃ ያልቃል። ሕጋዊው፣ ነጻው፣ የዓለም ሕዝብ ሀብት ነው የተባለው ግን ቀኑን ሙሉ ያስለቅሳል። ያንገበግባል።

ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይንቀሳቀስም። ለሠርግ አንድ ሰው ጠርተህ ከነአክስቱ፣ ከነአጎቱ፣ ከነጎረቤቱ ሲመጣ እንደማለት ነው። ቪኤልሲን የሚያህል ተራ የፊልም ማጫወቻ ፋይሉን ከሌላ ቦታ አውርደህ በፍላሽ ብታመጣ፣ ኮምፒውተሩ «እሱ የሚፈልገው ሌላ ፓኬጅ የለኝም» ብሎ ይመልስሃል። ሄደህ እሱን ታመጣለህ። እሱ ደግሞ ሌላ ይጠራል፤ ያኛውም የራሱ አለው። መስመር ያለው ሰው ይህን ሁሉ አያየውም። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ብሎ ይጽፋል፣ ኢንተር ይመታል፤ አፕት የሚባለው ፕሮግራም ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ራሱ ከኢንተርኔት ሰብስቦ በሥርዓት ያስቀምጣል። ይህን የሠሩት ሰዎች ጎበዞች ናቸው፤ አልክድም። ዲቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በሰኔ 2015 ዓ.ም. ባወጣው 12ኛ እትሙ ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጅ፣ ማለትም የሶፍትዌር ጥቅል፣ ይዞ ነበር የመጣው። 64 ሺህ ፓኬጅ እርስ በርሱ ሳይጣላ ማኖር ቀልድ አይደለም። ግን ያ ሁሉ ጥበብ የተሠራው መስመሩ ሁልጊዜ አለ ተብሎ ነው። መስመሩ ሲጠፋ ጥበቡም አብሮ ይጠፋል፤ እኛም ዲፒኬጂ ከሚባለው ከታችኛው መሣሪያ ጋር ፊት ለፊት እንፋጠጣለን። እሱ ደግሞ «ዲፔንደንሲ ፕሮብለምስ» ከማለት ሌላ ብዙ አይናገርም።

የዛሬን አያድርገውና ሊኑክስ ራሱ በፖስታ ይመጣ ነበር። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በጥቅምት 1997 ዓ.ም. የመጀመሪያ እትሙን ሲያወጣ፣ ባለቤቱ ደቡብ አፍሪካዊው ባለጸጋ ማርክ ሻትልወርዝ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በነጻ፣ የመላኪያውንም ሳያስከፍል፣ የትም አገር ይልክ ነበር። ፖስታ ሳጥን ቁጥር ያለው ሰው ጠይቆ ያገኛል፤ ሲዲውም 700 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ለጓደኛ ገልብጦ መስጠት ቀላል ነበር። ያ ችሮታ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ቀረ። ዘመኑ የማውረድ ሆኗል፣ ሲዲ ምን ያደርጋል ተባለ። ለእነሱ እውነት ነው። የኡቡንቱ 24.04 እትም ፋይል ዛሬ 6 ጊጋባይት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ዲቢያኖችም ቢሆኑ ድሮ የፓኬጅ ማከማቻቸውን በሙሉ በዲቪዲ ክምር ያቀርቡ ነበር፤ አሁን በቀጥታ የሚወርደው የመጀመሪያው ዲቪዲ ነው፣ የቀሩትን ጂግዶ በሚባል መሣሪያ ራስህ ገጣጥማቸው ይሉሃል። ጂግዶ ከየት እየለቀመ እንደሚገጣጥም ገምቱ። ከኢንተርኔት።

ስለዚህ ማውረድ የግድ ነው፤ ጥያቄው የት ነው የሚወርደው የሚለው ነው። ቦሌ መንገድ ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ጥግ ይዞ፣ ላፕቶፑን ሶኬት አጠገብ ያስጠጋ ሰው ካያችሁ ፊልም እያወረደ ነው ብላችሁ አትፍረዱበት። የኡቡንቱ ፋይል እያወረደ ይሆናል። ማኪያቶው አልቆ አረፋው ብርጭቆው ላይ ደርቋል። አስተናጋጇ መጀመሪያ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ትላለች፤ ቀጥላ ጠረጴዛውን ትወለውላለች፤ ቀጥላ ደግሞ የተወለወለውን ጠረጴዛ ትወለውላለች። ሰውየው ውኃ ያዛል። አሞሌው 83 በመቶ ላይ ነው። በዚህ መሃል ገበያ ስለሚደምቅ ዋይፋዩ ይቀንሳል፤ ግማሹ ካፌ ቲክቶክ ከፍቷል። ከዚያ መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ራውተሩ ይጠፋል። ከተቋረጠበት የሚቀጥል ማውረጃ የማይጠቀም ከሆነ እንግዲህ እግዜር ይሁነው፤ ከዜሮ ነው።

ቤት ማውረድም አለ። ፓኬጅ ለማውረድ መጀመሪያ ፓኬጅ ትገዛለህ፤ ርካሹ የሌሊቱ ስለሆነ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጠብቀህ ታስጀምርና ትተኛለህ። ጠዋት ስትነሳ መብራት የሄደው ሰባት ሰዓት ላይ መሆኑን ታውቃለህ።

ደግሞ ሰኔ አለ። በዚህ አገር ኢንተርኔት ሰኔን ሲፈራ ኖሯል። በ2009 ዓ.ም. ለብሔራዊ ፈተና ሲባል ተዘጋ፤ በ2011 ዓ.ም. እንደገና በፈተናው ሰሞን፣ ከዚያም ሰኔ 15 ከተፈጸመው የባለሥልጣናት ግድያ በኋላ ተዘጋ፤ በ2012 ዓ.ም. የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ከሰኔ 23 ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። በትግራይ የጠፋውና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ለረጅም ጊዜ የተዘጋው የሞባይል ኢንተርኔትማ በሳምንት የሚቆጠር አልነበረም። የቦሌ ሰው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ያየውን የባሕር ዳርና የመቀሌ የላብ ሠራተኛ በወራትና በዓመታት ነው ያየው። እዚህ ያለነው ከዚያ የተማርነው ነገር ቢኖር ግንቦት ላይ የሚያስፈልገውን አውርዶ መቀመጥ ነው። ክረምት የሚጀምር ሥልጠና ከፈተናው ሰሞን ጋር የተገጣጠመበት ሰው ግን ሰኔና ሰኞ ሆኖበታል።

የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ የምንማረረው ጎሮ አጠገብ ተቀምጠን ነው። አይሲቲ ፓርክ እዚያው ነው። እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ ኩባንያዎች የዳታ ማዕከላቸውን የሠሩት እዚያ ግቢ ውስጥ ነው፤ ጄኔሬተር በጄኔሬተር ላይ፣ ማቀዝቀዣ በማቀዝቀዣ ላይ። ከግቢው አጥር በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ርቆ ያለ የኮምፒውተር ክፍል ግን ቪኤልሲን በፍላሽ ነው የሚጠብቀው። አገሪቱ የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መስመሩ በጂቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ዞሮ ነው የሚገባው፤ አጥሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ኪሎሜትር ናት የምታንቀን። ኡቡንቱን ስትጭን አገርህን ኢትዮጵያ ብለህ ብትመርጥ፣ የማከማቻው አድራሻ ላይ «ኢቲ» የሚል የአገር ምልክት በራሱ ይጽፍልሃል። ደስ ይላል። ግን አድራሻው የአገር ስም ስለያዘ ዕቃው አገር ውስጥ ተቀምጧል ማለት አይደለም፤ ቅጂ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ አድራሻ ዞሮ የሚያደርስህ ዋናው ማከማቻ ጋ ነው። መስመር የሌለው ላብ ውስጥ ደግሞ አድራሻውን ፈልጌ አጣሁት፣ ችግሩ ግን ጊዜያዊ ነው ይልሃል። እኛም ስንባል የኖርነው ይህንኑ ነው።

እሺ፣ ወረደ እንበል። አሁን ፍላሽ ያስፈልጋል። መንገድ ዳር የሚሸጡት ላይ 512 ጊጋባይት የሚል ተጽፎባቸዋል፤ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካውም 512 ነኝ ይላል። ውስጡ ያለው እውነተኛ ቦታ ግን 8 ወይም 16 ሊሆን ይችላል። ክፋቱ ሲሞላ ሞላሁ አይልም፤ የምትሰጠውን ሁሉ በጨዋነት ይቀበላል፣ ከልኩ ያለፈውን ዝም ብሎ ይበላዋል። ይህን የምታውቀው ላቡ ደርሰህ፣ ከፋይሎቹ ግማሹ ተበላሽቶ፣ «ሃሽ ሳም ሚስማች» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሲወጣ ነው። ፍላሹ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ብዙውን ጊዜ ፋት 32 በሚባለው አሮጌ አሠራር ፎርማት የተደረገ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። 6 ጊጋ የሚጠጋውን ፋይል ስትገለብጥ «ፋይሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው» ይልሃል፤ ፍላሹ ግን ባዶ ነው። ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥልጠና ነው።

ቫይረሱን ሳንረሳ። በየላቡ የዞረ ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ ቫይረሱ ምንም አያደርግም፤ ግን ሾርትከት የሆኑት ፎልደሮች ተደርድረው ይታያሉ። አስተማሪው ያያቸውና «ሊኑክስም ቫይረስ ይይዘዋል እንዴ?» ይላል። አይ፣ ፍላሽህ ነው የያዘው። «ታዲያ እዚህ እንዴት ታየ?» ወደ ሥራችን እንመለስ ጋሼ።

ከዚያ ኮምፒውተሮቹ። አንድ ዓይነት ቢሆኑ እኮ ግማሹ ጣጣ ይቀር ነበር። ግን ግማሾቹ ከውጭ በእርዳታ የመጡ ናቸው፣ ግማሾቹ ከጨረታ፣ ሁለቱ ደግሞ ከየት እንደመጡ ማንም አያውቅም። አንዱ ላይ 20.04 ነው ያለው፣ ሌላው ላይ 22.04፣ ጥግ ላይ ያለው 24.04። ለአንዱ እትም የወረደ ፓኬጅ ለሌላው አይሆንም፤ መሠረታዊው ላይብረሪ ቁጥሩ ስለሚለያይ እንቢ ይላል። እነዚያ አሮጌ 32 ቢት ፔንቲየሞች ደግሞ አሉ፤ ኡቡንቱ የዴስክቶፕ እትሙን ለእነሱ ማዘጋጀት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አቁሟል፣ ዲቢያን እስከ 12ኛው እትም ታግሷቸው በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ በ13ኛው ተሰናብቷቸዋል። ትምህርት ቤቱ ግን አላሰናበታቸውም። ገና ንብረት ቁጥር አላቸው።

የማዘርቦርዱ ባትሪ የሞተበትም አይጠፋም። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ተወለደበት ዓመት ይመለሳል። እኛ ከፈረንጆቹ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነን እንላለን እንጂ እሱ ባሰ፤ አሥራ አምስት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይቀመጣል። በፍላሽ ያመጣህለትን የፓኬጅ ዝርዝር አንብቦ «ይህ ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይመልሰዋል። ከወደፊቱ የመጣህ መስሎታል። በየኮምፒውተሩ ዞረህ ቀን ታስተካክላለህ፤ ሲጭን መሃል ላይ መብራት ይሄዳል፤ ሲመጣ ቀኑ ተመልሶ ጠፍቷል፣ ዲፒኬጂም «ተቋርጬ ነበር፣ መጀመሪያ እኔን አስተካክል» ብሎ ሌላ ሥራ አይሠራም።

መላ የለውም ወይ ትሉኛላችሁ። አለው፤ መላውም የራሱ እሮሮ አለው። ሪተሽ ራጅ ሳራፍ የሚባል ሕንዳዊ የዲቢያን ባለሙያ አፕት ኦፍላይን የሚባል መሣሪያ ሠርቷል፤ እግዜር ይስጠው። መስመር የሌለው ኮምፒውተር ምን እንደሚያስፈልገው በአንድ ትንሽ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ ያንን ፋይል መስመር ወዳለበት ወስደህ የተጻፈውን ሁሉ ያወርዳል፤ መልሰህ ታመጣና ትጭናለህ። ከሰሚት ቦሌ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ለአንድ ኮምፒውተር። የሁለተኛው ኮምፒውተር ፍላጎት ከመጀመሪያው የተለየ ከሆነ ሌላ ፋይል፣ ሌላ ታክሲ። ይህም ይሁን፤ ግን አፕት ኦፍላይን ራሱ ከኡቡንቱ ጋር ተጭኖ አይመጣም። ኢንተርኔት ለሌለው የተሠራውን መሣሪያ ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል።

የተሻለው መንገድ አንዱን ኮምፒውተር የሠፈሩ ጎተራ ማድረግ ነው። የወረዱትን ፓኬጆች አንድ ፎልደር ውስጥ ታጠራቅማለህ፣ ዝርዝር ታወጣላቸዋለህ፣ ሌሎቹ በዚያው ስዊች በኩል ከእሱ እንዲወስዱ ታዛቸዋለህ። ያን ጊዜ ያ የትም የማይሄድ ስዊች ዋጋ አገኘ። መስመር አልፎ አልፎ ብቅ የሚልበት ቢሮ ከሆነ ደግሞ አፕት ካቸር ኤንጂ አለ፤ አንዱ ያወረደውን ይይዝና ለሌላው ከራሱ ያቀብላል። ሃያ ኮምፒውተር እያንዳንዱ 300 ሜጋባይት ለየብቻው ቢያወርድ 6 ጊጋባይት ነው፤ በዚህ መንገድ ያው 300 ሜጋ ነው። ይህን የሚያህል ሒሳብ ፊታችን ተቀምጦ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ፎቅ በፎቅ የተደረደሩ አራት ድርጅቶች አንዱን ፓኬጅ አራቴ ከአውሮፓ ያስመጣሉ። ከታች ያለው ከላይ ካለው አይጠይቅም። ቡና ይጣጣሉ እኮ! የሊፍቱን ብልሽት አብረው ያማሉ። ጎተራ አብሮ መክፈት ግን ያስኬዳል ወይ፣ ማን ኃላፊ ይሆናል፣ ደብዳቤ ይጻፍ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ ይባላል፤ በዚያው ይቀራል።

ከእኛም ከባለሙያዎቹ መሃል ያለው ነገር ያው ነው። የአንዱን የኡቡንቱ እትም ማከማቻ በሙሉ በሃርድ ዲስክ የገለበጠ ሰው አለ ሲባል ይሰማል፤ በመቶ የሚቆጠር ጊጋባይት ነው፣ ማን እንዳወረደውና በምን መስመር እንዳወረደው አይጠየቅም። ሃርድ ዲስኩ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጋ ነው። ዛሬ አያት ነው፣ ነገ የካ አባዶ ተወስዷል፣ ከነገ ወዲያ ያ ልጅ ስልክ አያነሳም። የኋላ ኋላ ሲመለስም ማከማቻው ተሰርዞ የአጎቱ ልጅ ሠርግ ቪዲዮ ተጭኖበት ነው። «ቦታ አጥቼ ነው ወንድሜ፤ አንተ እኮ እንደገና ታወርደዋለህ።»

ስናፕን ካላነሳሁ ይቅር አይባልልኝም። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ፣ ማለትም ከሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ ፋየርፎክስን በስናፕ ብቻ ነው የሚያቀርበው። በአሮጌው መንገድ ፋየርፎክስ የሚል ፓኬጅ በማከማቻው ውስጥ አሁንም ታገኛለህ፤ ፋይሉ ትንሽዬ ነች፣ ደስ ብሎህ በፍላሽ ይዘህ ትሄዳለህ። ስትጭናት ግን ውስጧ ፋየርፎክስ የለም። ሥራዋ ስናፕ መደብር ጋ ደውላ እውነተኛውን ማስመጣት ነው። ከመደብሩ በእጅ አውርዶ መሄድ ይቻላል፤ ግን ስናፑን ብቻ አይደለም፣ ማረጋገጫ ፋይሉን፣ የሚቆምበትን ኮር፣ ከዚያ የመልክ ገጽታውን የያዘውን ሌላ ግዙፍ ስናፕ ጭምር። የፓይተን ላይብረሪውም፣ የጃቫስክሪፕቱም፣ የዶከሩም ነገር እንዲሁ ነው። መመሪያው ሁሉ የሚጀምረው «ይህችን አንድ መስመር ገልብጠህ ለጥፍ» ብሎ ነው፤ ያቺ መስመር ደግሞ ከሆነ ድረ ገጽ አንድ ነገር ታወርዳለች። ጸሐፊው ቤቱ ተቀምጦ መስመሩ ሲቋረጥ አይቶ አያውቅም፤ በምን ይወቅ?

የአማርኛውስ? ልጆቹ አማርኛ መጻፍ አለባቸው። ፊደሉን በድምፁ፣ በእንግሊዝኛ ቁልፍ የምንተይብበት፣ አብዛኛው ሰው የለመደው አጻጻፍ አይባስ ኤም 17 ኤን የሚባል ለብቻው የሚጫን ፓኬጅ ነው። ኡቡንቱ ቋንቋህን አማርኛ ስትለው «የቋንቋው ድጋፍ አልተሟላም፣ ላሟላልህ?» ይላል በትህትና። አሟላ ትለዋለህ። ከዚያ አድራሻው አልተገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካኖቹ «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» ፕሮጀክት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት አይተው ለማያውቁ ልጆች ታብሌት አደለ። ልጆቹ ማንም ሳያስተምራቸው ከፍተው ተጫወቱበት፣ የተዘጋውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱት ተብሎ ዓለም ተደነቀ። ድንቅ ነው፤ ልጆቹ ይገባቸዋል። እኔን ግን የያዘኝ በዚያው ወሬ ጥግ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው ሰውዬ ነው። በየሳምንቱ መንደሩ ድረስ እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ የሚቀይር ባለሙያ ነበረ። እስከ ወንጪ እሳተ ገሞራ አፋፍ ድረስ። ስለ ልጆቹ ብዙ ተጻፈ፤ ካርድ ተሸካሚው ምን እንደተሰማው ማንም አልጠየቀም። እኔ እነግራችኋለሁ፤ ወገቡን አሞታል።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. አገር ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ካዛንቺስ ያለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደብዳቤ እያጠራቀመ በስልክ መስመር ደውሎ በአንድ ጊዜ የሚልክ የኢሜይል መረብ ነበረው። መስመሩ አጭር ጊዜ ብቻ እንደሚገኝ አውቀው፣ ሥራውን በዚያው ልክ ሰፉት። ያኔ አጠራቅሞ መላክ ሥርዓት ነበር። ዛሬ አጠራቅሞ መጫን ደክሞት የታክሲ ወረፋ የሚጠብቅ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ሆኗል።

በቅርቡ ሰሚት አካባቢ አንድ ላብ ውስጥ ጎተራው ተሠርቶ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ከዚያው ወስዶ፣ ቪኤልሲው ዘፍኖ፣ የሲ ኮምፓይለሩ ሠርቶ፣ አማርኛውም ተጽፎ ነበር። ዳይሬክተሯ ገቡ፤ መነጽራቸውን አውልቀው በየስክሪኑ አለፉ።

«እሰይ፣ ጎበዝ ልጅ። ፕሪንተሩስ?»

«የትኛው ፕሪንተር፣ እትዬ?»

ሦስት ሰዎች ከቢሮ ተሸክመው አመጡት። በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው፣ ፈተና ሲያባዛ የኖረ ትንሽ ሌዘር ፕሪንተር ነው። ተሰካ፤ ድራይቨሩ ጎተራው ውስጥ ነበረ፣ ተጫነ። ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን አወቀው፣ የሞዴል ቁጥሩን ሳይቀር ጻፈ። ከዚያ አንዲት መስኮት ብቅ አለች። ለዚህ ሞዴል ተጨማሪ ፕለጊን ያስፈልጋል፤ እሱ ነጻ ሶፍትዌር ስላልሆነ ከማከማቻው ጋር አይሰጥም፤ ከአምራቹ ድረ ገጽ አሁን ይውረድ ወይስ ፋይሉ አለህ? ፋይሉም ቢኖር ከድራይቨሩ ጋር ቁጥር በቁጥር መግጠም አለበት።

«ምን ይላል?» አሉ።

«ኢንተርኔት ይላል።»

«ቆይ፣ ነጻ ነው፣ ምንም አይፈልግም አላልክም እንዴ?»

«ሊኑክሱ ነጻ ነው፣ እትዬ። ፕሪንተሩ ነው።»

«ፕሪንተሩማ በዊንዶውስ ጊዜ ይሠራ ነበር!» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «በል እንግዲህ ነገ ከምሳ በፊት ብቅ በል፤ ሐሙስ ፈተና አለን።»